የቀትሩ በር

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታው ነው። ሲሚንቶው ላይ ጆንያ ተደርድሮበት የነበረው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አብረውኝ የገቡት ሽማግሌ ገበሬ ነጩን ወለል በእግራቸው ጣት ነካ አደረጉና፣ "ክረምቱን ሙሉ ስንፈልገው የከረምነው ለካ እዚህ ኖሯል" አሉ። ውስጥ የነበሩት እስረኞች ሳቁና ቦታ ለቀቁልን።

ከሽማግሌው ጋር የታሰርነው በአንድ ጉዳይ ነው። እኔ ደምበጫ ውስጥ ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ፤ ሥራውን የተማርኩት የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ ነው። የምክር ቤት ተወካያችን ከመራጮቹ ጋር በተገናኘበት ቀን መሣሪያው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው ተነሥተው፣ "የወል ግጦሻችን ለባለሀብት ሲሰጥ አንተ እጅህን አውጥተሃል ወይስ አላወጣህም?" ብለው ጠየቁት። ከመድረኩ ጎን የቆመ ሰው ማይኩን እንድዘጋ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። አልዘጋሁትም። ተወካዩ ጥያቄውን ዘሎ ለሌላ ጠያቂ ዕድል ሰጠ። በሳምንቱ ሽማግሌውንም እኔንም "ሕዝብ አነሣሥታችኋል" ብለው ወሰዱን።

ተወካዩን ያመጡት እኛ ክፍሉን ከለመድን በኋላ ነው። የመታሰር ተራው የማን እንደሆነ የማይታወቅበት ጊዜ ነበር። ሱፉን እንደለበሰ፣ ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እኛን ሲያይ ወደኋላ ሊመለስ ቃጣው።

"ቤት ለእንግዳ" አሉት ሽማግሌው። "ግባ እንጂ ልጄ። ዛሬ እንኳ ስብሰባ የለብህም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ሰው ሁሉ "የተከበሩ" ይለው ጀመር። እሱም እየቆየ ማውራት ለመደ። ባለሀብቱ ደብረ ማርቆስ ድረስ እየተመላለሰ ምሳ እንደጋበዘው፣ ስለ ሥራ ዕድል እንዳስረዳው ራሱ ነገረን።

"እሱ መጣ፤ ከእናንተ ግን ማንም አልመጣም" አለ።

"መጥተን ነበር እኮ" አሉት ሽማግሌው። "ስብሰባ ላይ ነው ብለው መለሱን።"

"እውነታቸውን ነው፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ከሰውዬው ጋር" አለ። ያን ዕለት ከሁላችንም አብልጦ የሳቀው እሱ ነው።

በሩ የሚከፈትልን ጧትና ማታ ብቻ ነበር። መሃል ላይ ሽንቱ የመጣበት ጥግ ላይ ባለው ቢጫ ጀሪካን ይጠቀማል። ሽማግሌው ይህን አልቻሉም። ዕድሜያቸው ሽንት የሚያስቋጥር አልነበረም፤ ልጆቻቸው በሚሆኑ ሰዎች ፊት መቀመጡን ግን ከሞት ቆጠሩት። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ተዉ። የፕላስቲክ ጠርሙሳቸው ውሃ ከነበረበት ከፍታ ዝቅ እንዳላለ ያየሁት እኔ ነኝ። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ፤ ጨዋታቸውም እያጠረ ሄደ። አንድ ጧት ሊነሡ ሲሉ ተንገዳግደው ግድግዳውን ያዙ።

ቀትር ላይም በሩ እንዲከፈት ለእስር ቤቱ አዛዥ የሚናገር ሰው መረጥን። መናገር የሚያውቅ እሱ ነው ተብሎ ተወካዩ ተላከ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ጥሩ ውይይት አድርገናል። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፣ በሂደት ይታያል ተብሏል።"

"የተከበሩ፣ በሩስ?" አለው አንዱ።

"እሱም በሂደት..."

ሽማግሌው ከተኙበት ቀና አሉ። "ሻይ ጋበዙህ?"

"አዎ፣ ጋበዙኝ።"

"ተቀምጠህ ጠጣህ?"

"ተቀምጬ።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግሥቱ ጧት ተወካዩ አጠገቤ መጣ። "አባቴ ለሽምግልና ሲሄድ ጉዳዩ ሳይሰማ ከሰው ቤት አይቀመጥም ነበር" አለኝ። "ውሃ እንኳ አይቀምስም። ዛሬ አብረን እንሂድ፤ ሽማግሌ ብቻውን አይላክም።"

አዛዡ ሲያየን ወንበር አስጠጋልን፤ ሻይም አዘዘ። ተወካዩ ግን ሱሪውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔም ከጎኑ ቆምኩ።

"ተቀመጡ እንጂ!"

"ጉዳያችን ይሰማልንና እንቀመጣለን።"

አዛዡ ሳቀ። "ምንድን ነው ነገሩ? ልጅ ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት? የኔዋ ገና አንደኛ ክፍል ናት።"

"ልጅስ አይደለም። በር ነው የምንጠይቅዎ።"

"በሂደት ይታያል አላልኩህም?"

"ብለውኛል። እኔም ሰውን እንዲሁ ስል ነው የኖርኩት" አለ ተወካዩ። "አንድ አባት ውሃ መጠጣት ትተዋል። የጠጡትን የሚያወጡበት ስለሌላቸው ነው።"

ሻዩ መጣ። ማንም አልነካውም። አዛዡ ወረቀት እያገላበጠ እንደሌለን ሊቆጥረን ሞከረ፤ ግን ቀና ባለ ቁጥር እንደቆምን ነን። በእኛ አገር ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌን ቤት ውስጥ አቁሞ መዋል ይከብዳል፤ እሱም የዚያው አገር ሰው ነው። ተወካዩ ሱሪውን የያዘበትን እጅ ቀየረ።

"እስኪ በናትህ ተቀመጥ!"

"ይስሙን ጌታዬ።"

"ለመሆኑ ምንህ ናቸው ሰውዬው?"

"መራጬ ናቸው።"

አዛዡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጠባቂውን ጠርቶ፣ "ለእነዚህ ቀትር ላይም ክፈትላቸው" አለው። ያኔ ተቀመጥን። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሁለታችንም አንድም ጠብታ ሳናስቀር ጠጣነው።

ስንመለስ ሽማግሌው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ተቀመጥክ?"

"ጉዳያችን ከተሰማ በኋላ።"

ቀትር ላይ ቁልፉ ሲንቋቋ ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የደጁ ፀሐይ ሙቀት ነበር። ቁጭ አሉና ጠርሙሱን አንሥተው ጉሮሯቸው እየተንቀሳቀሰ ግማሹን ጠጡ። "እፎይ" አሉ። የቀረውን ለተወካዩ አቀበሉት።

ሁላችንም ተፈትተናል። የግጦሹ አጥር እስካሁን አልተነሣም። ተወካዩም አሁን የምክር ቤት አባል አይደለም። ባለፈው ደምበጫ ገበያ ላይ ከባጃጅ ሲወርድ አገኘሁት። ቀበቶ አስሯል፤ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

"ወዴት ነው ጋሼ?" አልኩት።

"ስለ ግጦሹ ማርቆስ ልሄድ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች እየጠበቅሁ ነው።"

"ተቀመጡ ቢሏችሁስ?"

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባ እንዴት ናቸው? ውሃ ይጠጣሉ?" አለኝ።

"ደኅና ናቸው። ይጠጣሉ" አልኩት።