ወይኑ ሲፈላ የሚዘጋው በር

የልጅ ልጆቼ የታላቅ እህታቸውን የሠርግ ቪዲዮ ሲያዩ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ ከሙሽራዋ ዘመዶች መሀል ተቀምጦ በብርሌ ጠጅ ሲጠጣ አገኙ። ማን ነው፣ ንገሪን ብለው ያዙኝ። ስነግራቸው ግማሹን በእንግሊዝኛ እየጠየቁ፣ ግማሹን ስልካቸውን እያዩ ሆነና ተናደድኩ። እንግዲህ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ ግድ የለም፣ ሲቸግራቸው ይማራሉ። እኔም የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ነው ፊደል የለየሁት።

ነገሩ የሆነው እዚህ ሲያትል፣ ማውንት ቤከር በሚባለው ሰፈር፣ ከሬይነር መንገድ ሽቅብ ባለው ቤት ስንኖር ነው። ከላይ እኛ ነበርን፤ ልጄ፣ ባሏ፣ ልጆቻቸውና እኔ። ከሥራችን የቤቱ ባለቤት ብቻውን ይኖራል። ከሱም ሥር ምድር ቤት አለ። ባለቤቱ ሚስቱ የሞተችበት ጣሊያን ነው። ጣሊያን ስል እዚሁ ሲያትል የተወለደ፣ አባቱ ከዚያ የመጣ ማለቴ ነው። እኔ ሙሴ እለዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ በሰፈራችን ጋራዥ የነበረውን ጣሊያን እንዲያ ነበር የምንጠራው። እሱ ኖና ይለኛል፤ አያት ማለቱ ነው። እኩያዬ ሆኖ ሳለ አያት ሲለኝ መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር።

የምንግባባውም በዚያው በጋራዡ ጣሊያንኛ ነው። ማኪና ስለው ያውቃል። ፎርኖ፣ ፓስታ፣ ቪኖ፣ ሁሉንም ያውቃል። ከዚያ ያለፈው በእጅ ነው። በፎርኖና በማኪና ደግሞ ሰው የሆዱን አይጫወትም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ። ሁለት መጠጥ የሚያውቁ ሽማግሎች አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው፣ መሀላቸው ቋንቋ የለም። ትልቋ የልጅ ልጄ፣ ያችው ሙሽራዋ፣ ሲመቻት ታስተረጉምልን ነበር። የሚመቻት ግን በስንት አንዴ ነው።

በሷ አፍ እንደነገረኝ፣ ከቤታችን ቁልቁል ያለው ሸለቆ ሁሉ ድሮ የጣሊያን ነበር። አባቶቻቸው ቀን መንገድ ይቆፍራሉ፣ ማታ በየዳገቱ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይኮተኩታሉ። መኸር ሲደርስ ከካሊፎርኒያ ወይን የጫነ ባቡር ይመጣል። ሁሉም ወደ ባቡሩ ይወርዱና ከሳጥኑ አንድ አንድ ፍሬ እየቀመሱ፣ እየተሳደቡ፣ እየተከራከሩ ይገዛሉ። የመጭመቂያው ማሽን አንድ ስለነበር ልክ እንደ እድር ድንኳን ከቤት ቤት ይዞር ነበር። መንግሥት መጠጥ የከለከለ ጊዜ እንኳ አባወራ ለገበታው የሚጨምቀውን አልነካም። የሙሴ አባት ገበታ ደግሞ እጅግ ሰፊ ነበረች፤ የከተማው ምግብ ቤቶች ግማሹ እሷ ላይ ነበር የሚበላው። ሰዎች በጓሮ በር ማሰሮ ይዘው ይሰለፋሉ። የአጎቱ ልጅ እያገዘው ንግዱ ደራ።

ያ የአጎት ልጅ በኋላ ተራራውን ተሻግሮ የራሱን ወይን ተከለ። ዛሬ ስሙ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ በየሱቁ ይሸጣል። የሙሴ አባት ግን መንገድ ሲቆፍር ሞተ።

ይሄ አልገባኝም። ታዲያ አባትህ ንግዱ ከደራለት ለምን ተወው ብዬ አስጠየቅሁት። "ደከመው" አለ።

ሰው ገና በጉልበቱ ሳለ ከተከፈተ እንጀራ ይደክመዋል? አላመንኩትም። ግን በአስተርጓሚ ሰው አይመረመርም፤ ልጅቷም ስልኳ ጠራና ሄደች።

እሱ ራሱ አይሸጥም ነበር። በየመስከረሙ ከተራራው ማዶ ጥቂት ሳጥን ወይን ያስመጣል፣ ጓሮ ይጨምቃል፣ ምድር ቤት ወዳለው በርሜል ይገለብጣል፣ ከዚያ በሩን ይቆልፋል። ፍላቱ እስኪቆም ከሱ በቀር ማንም አይገባም። እሱም ሲወርድ በቀን፣ መብራት እያለ፣ ሻማ ለኩሶ ዝቅ አድርጎ ከፊት ከፊቱ ይዞ ነው። ማድቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ የማርያም ሥዕል አለችው። እንግዲህ ስለቱ ነው አልኩ። አንድ ቀን በመስኮት ሳየው ሻማው ጠፋበት። ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ የምድር ቤቱን መስኮትና በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ደጁ ላይ ቁጭ አለ። ጸሎቱ አልሰምር ብሎት ነው ብዬ አንጀቴን በላኝ። በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ አመጣሁለት። አሸተተው፤ የእውነት ሰም መሆኑን ሲያውቅ ደረቱ ላይ ይዞ አመሰገነኝ። ከዚያ ወዲያ መስከረም በመጣ ቁጥር ጧፉን አላስጓደልኩበትም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ሠርጉ መጣ።

ሠርጉ ከነቢያት ጾም በፊት፣ በኅዳር መባቻ ተቆረጠ። ልጄ ጠጁን ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ሱቆች እንግዛ አለች። የበኩር የልጅ ልጄ ተድራ ሰው የጣለውን ጠጅ ላጠጣ? ከዚያው ሰፈር ማርና ጌሾ አስገዝቼ፣ ባልዲውን ጓሮ ወስጄ በወይራ አጥኜ ጣልኩት። ጠጅ ሙቀት ይወዳል፣ ዓይን አይወድም። ስለዚህ ማሞቂያው አጠገብ፣ ካፖርት የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼ በነጠላ ሸፈንኩት። ልጆቹ ክዳኑን እንዳይነኩ፣ እንግዳም በዚያ እንዳያልፍ ከለከልኩ። አማቼ እንኳ ካፖርቱን ሲያነሳ ፊቱን ያዞር ነበር፤ የተባረከ ልጅ ነው።

ያው ካፖርት ጉድ አመጣ። አማቼ ሲታክ በሚባለው ሰፈር የሆቴል መኪና ነው የሚነዳ፤ መንገደኛ ከአየር ማረፊያ ያመላልሳል። ፍላቱ ሲበረታ ሽታው ካፖርቱ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ አለቃው ጠጋ ብሎ ጠጥተህ ነው ወይ የመጣኸው አለው። ተመርምሮ ነጻ ወጣ። ቤት ሲመጣ ለኔ መናገር አፍሮ ቆሞ ቀረ። "እማማ፣ እርስዎ ቅር እንዳይልዎት እንጂ…" ብሎ ሳይጨርስ ልጄ ተቀበለችው።

"እማዬ፣ ወይ ባልዲው ይወጣል፣ ወይ እሱ ከሥራ ይወጣል። አንዱን ምረጪ" አለች።

የት ይውጣ? ጓሮ ብርድ ነው፣ ይሞታል። ሌላው ክፍል ሁሉ ሰው የሚመላለስበት ነው። የቀረው ምድር ቤቱ ነበር። የቤቱ ማሞቂያ ጋን የሚያህል ሆኖ እዚያ ጥግ ላይ ይነዳል። ጨለማ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ዓይን የለበትም። በዚያ ላይ ሻማ የሚበራበት ቤት። ከዚህ የተሻለ የጠጅ ቤት ከየት ይመጣል?

ወርጄ ለመንኩት። ባልዲውን በእጄ አሳየሁት፣ ወደ ታች ጠቆምኩት። "ኖ፣ ኖና" አለ። ልጅቷን ይዤ ተመለስኩ። በአንድ ጥግ ብቻ፣ ለሠርጓ ብቻ በይው አልኳት። ከተነጋገሩ በኋላ ወደኔ ዞራ "ወይኑ እየፈላ ሰው አይገባም ይላል" አለችኝ።

"ለምን?"

ጠየቀችው። ትከሻውን ሰበቀ። "ልማዳችን ነው ይላል።"

ይሄንን ልማድማ አውቀዋለሁ። እኔም የሸፈንኩት ከዓይን ነው። ግን ለሰው ሁሉ የምከለክለውን ነገር ሰው በኔ ላይ ሲያደርገው እንዴት እንደሚያቃጥል ያን ቀን አየሁ። ለካ የኔን ዓይን ነው የሚፈራው። ጧፍ አምጥቼለት፣ ሾርባ ልኬለት፣ ሲታመም ደጁን አንኳኩቼ ጠይቄው፣ ዓይነ ክፉ አደረገኝ። ልጄ "እማዬ፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" ትለኛለች። የለም ማለት ይቀላታል።

ጠጁ ግን አይጠብቅም። ካፖርቶቹን አልጋ ላይ ከመርን፤ ቤቱ በሙሉ ጠጅ ጠጅ ሸተተ፤ አማቼ ሥራ ሲሄድ ልብሱን ጎረቤት ጋራዥ ውስጥ እየለወጠ መሄድ ጀመረ። ልጄ ፊቷን አጠቆረችብኝ። ሙሽራዋ በመሀል ቤት "አያቴ፣ ኦኬ ነው፣ ጠጁ ባይኖርም ኦኬ ነው" ትላለች። ኦኬ አልነበረም። ደጋግማ ኦኬ ስትል ጭራሽ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የምድር ቤቱ በር ተከፍቶ አየሁ። ሙሴ ጓሮ ባዶ ሳጥኖቹን እያጠበ ነው። ጧፌ ደረጃው አፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ገና አልተለኮሰችም። ባልዲውን በሁለት እጄ አቅፌ ገባሁ። አስቀምጬ ልወጣ ነው፤ ከተቀመጠ በኋላ አውጪ አይለኝም፣ ሽማግሌ ነው፣ ያፍራል። ሁለት ደረጃ እንደወረድኩ ከኋላዬ ሹራቤን አንድ ነገር ያዘኝ። ሙሴ ነው። ያ በዝግታ የሚራመድ ሰው ከጓሮ በምን ፍጥነት እንደደረሰ እንጃ። ሹራቤን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ። ባልዲው ዘመመ፣ ግማሹ ጠጅ ደረጃው ላይ ፈሰሰ። እኔ ደጁ ላይ በቂጤ ወደቅሁ። እላዬ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

አልመለስኩለትም። ምን ብዬ? በፎርኖና በማኪና? የተረፈውን ባልዲ ይዤ ወጣሁና ክፍሌ ገብቼ ነጠላዬን ተከናንቤ ተኛሁ። ባል እንኳ ልብሴን ይዞ ጎትቶኝ አያውቅም።

ልጅቷ ከሥራ እንደገባች ሙሴ ደረጃውን እየቃተተ ወጣና ደጃችን ላይ ቆመ። ባልዲውን ስጡኝ አለ። ከማድቤቴ ምድጃ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ቤቴን እዘጋለሁ፣ ሰው አይገባም አለ። ምድር ቤት ግን አይሆንም፤ ፍላቱ እስኪቆም በፍጹም አይሆንም።

"ዓይኔ ክፉ አይደለም በይው" አልኳት።

ልጅቷ ግራ ገባት። ወደ እንግሊዝኛው እንዴት እንዳዞረችው አላውቅም፤ እሱም ግራ ገብቶት አየኝና አንድ ነገር አላት።

"ዓይንሽ ደህና መሆኑን ያውቃል። የሱም በመነጽር ደህና ነው ይላል።"

ልጄ ከማድቤት ውስጥ ሳቋ አመለጣት። እኔ አልሳቅሁም። ባልዲውን ግን ሰጠሁት፤ ምን ምርጫ ነበረኝ።

የእውነትም ጠበቀው። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። የዓርብ ካርታ ጓደኞቹን እንኳ ከደጅ መለሳቸው። ነጠላዬ ሲንሸራተት እሱ ያስተካክለዋል፤ ፊቱን አዙሮ፣ ልክ እንደ አማቼ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ጠጁ ግማሽ ሆኖ ቢቀርም ብርቱካን መስሎ ጠራ። ሙሴ በሠርጉ ላይ በድሮ ሱፍ ልብሱ መጥቶ ከኛ ዘመዶች መሀል ተቀመጠ፤ ልጆቹ በቪዲዮ ያዩት ይሄ ነው። ብርሌውን ወደኔ ከፍ አደረገ። እኔም ጎንበስ አልኩለት፤ ሰው ፊት ነውና። ውስጤ ግን አልበረደም። ማድቤቱን የሰጠኝ ሰው ምድር ቤቱን ለምን ይከለክለኛል? ይሄንኑ ሳመላልስ እሱም ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ሳያነሳው፣ እኔም ሳልጠይቀው ስንት መኸር አለፈ። ጧፉን ግን አመጣለት ነበር። ቂም ይዤ እንኳ አመጣለት ነበር።

ሙሴ ካረፈ በኋላ ቤቱ ሊሸጥ ሆነ። ሌላ ከተማ የምትኖር ሴት ልጁ፣ እሷም ጠጉሯ ሸብቷል፣ ዕቃውን ልታነሳ መጣች። የኔዋ ሙሽራ ያኔ የልጆች እናት ሆናለች፤ ልታግዛት ወረደች፣ እኔም ተከተልኳት። ከምድር ቤቱ ደረጃ አፍ፣ ግድግዳው ላይ፣ የጧፎቼ ቁራጭ በክር ታስሮ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ለማርያም የሚያበራው ነው፣ እኔ ነኝ የማመጣለት አስባልኳት።

ሴትዮዋ ጧፉን ከግድግዳው አወረደችው። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻት፤ የልጅ ልጄም ቆም እያለች ነገረችኝ። ለማርያም አልነበረም። ወይን ሲፈላ የሚተፋው አየር ከባድ ነው፣ አይታይም፣ አይሸትም፣ ምድር ቤት ሞልቶ ይተኛል። ሻማ ያጠፋል፣ ሰውም ያጠፋል። ሻማው ከጠፋ አይወረድም። ይሄን አባቷ ለሷ እንኳ አንዴ ብቻ ነው የነገራት።

ያ ንግዱ የደራ ጊዜ፣ ይሄው ምድር ቤት ዙሪያውን በርሜል ሆኖ ሲፈላ፣ የሙሴ ታናሽ እህት ማሰሮ ልታመጣ ወረደች፣ አልተመለሰችም። አባትየው ያን ሁሉ ወይን ጓሮ አፈሰሰው፣ ደንበኞቹንም ለአጎቱ ልጅ ሰጠ፤ ስሙ ጠርሙስ ላይ ላለው። ሙሴ ያኔ ልጅ ነበር። እህቱ ከደረጃው ግርጌ ተኝታ ከላይ ትታየው ነበር። ሊያወጣት ሲሮጥ አባቱ ከኋላው ደርሶ ሹራቡን በሁለት እጁ ይዞ ጎትቶ አስቀረው።