የእድራችን ትራክተር ማራገቢያ

የእድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮችና ብረት ድስቶች ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄዱት በግቢ ሣር ማጨጃ ትራክተር ነው። ይህን ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ስነግራቸው የቀለድኩ ይመስላቸዋል። ቂርቆስ እኛ የምንኖርበት ሰፈር መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፒክአፕ አይገባም። ትራክተሯ ግን ትንሽ ተጎታች ከኋላዋ አስራ በሁለት አጥር መካከል ሾልካ ታልፋለች። ትራክተሯን የሰጡን ካዛንቺስ ሰፊ ግቢ የነበራቸው አንዲት የእድሩ አባል ናቸው። ቤታቸው ለልማት ሲነሳ «ከእንግዲህ የማሳጭደው ሣር የለኝም» ብለው አስረከቡን። ያኔም አሮጌ ነበረች። ቀይ ቀለሟ ከመቀመጫው ሥር ካልሆነ በቀር አይታይም።

አባቴ የእድሩ ንብረት ኃላፊ ነው። ትራክተሯ ከመምጣቷ በፊት የድንኳኑን ቋሚ ብረቶች በትከሻው ይሸከም ነበር፤ ወገቡን የጎዳውም ያ ነው። ሐኪም ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከነገረው ወዲህ ሥራውን የሚሠራው የትራክተሯን መሪ ይዞ ነው። ስለዚህ በክረምቱ መጨረሻ ትራክተሯ ዳገት ላይ መቆም ስትጀምር ቤታችን ውስጥ ጭንቀት ገባ።

ችግሯ ግራ ያጋባ ነበር። ስትነሳ ደህና ናት። ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ዳገት አጋማሽ ላይ ስትደርስ ግን ሞተሩ እየሠራ ጎማው ይቆማል። አንድ ቀን ቀባሪው ተመልሶ ሲመጣ ድንኳኑ ገና መንገድ ላይ ነበር። ሐዘንተኞቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁን። አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በወሩ ስብሰባ ላይ የእድሩ ሰብሳቢ «ለቆራሌው እንስጣት፤ እንደ ድሮው በሰው ትከሻ ይሁን» አሉ።

«በማን ትከሻ?» አለ አባቴ።

«ወጣቶቹ አሉ አይደል?»

«የትኞቹ ወጣቶች?» አሉ የእድሩን ወጥ ቤት የሚመሩት ሴትዮ። «ግማሾቹ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የቀሩት ስልካቸውን ሲይዙ እጃቸው ይዝላል።»

ሰው ሳቀ፤ ሰብሳቢውም ፈገግ አሉ። በመጨረሻ ለአባቴ አንድ ዕድል ተሰጠው። በሚቀጥለው ለቅሶ ዳገቱን ከወጣች ትቆያለች፤ ካልወጣች ትሸጣለች፣ አባቴም ኃላፊነቱን ያስረክባል። የሚቀጥለው ለቅሶ መቼ እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር መቀመጫዋን ፈታን። የዚህች ትራክተር ካምቢዮ እንደ መኪና ማርሽ አይቀያየርም። ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘይት ነው። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ጉልበት ያጣል። ዘይቱን እንዲያቀዘቅዝ ካምቢዮው አናት ላይ፣ ቺንጋ የሚሉት የሞተሩ የጎማ ቀበቶ የሚያሽከረክረው የፕላስቲክ ማራገቢያ አለ። የኛው ክንፎቹ ረግፈው ሁለት ብቻ ቀርተውታል። አንገቱ ላይ የድንኳናችን ገመድ ቁራጭ ተጠምጥሟል። ለካ ከጭነቱ ተንጠልጥሎ ገብቶ የሰበረው እሱ ኖሯል። ማራገቢያውን መዳፌ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ያን ሁሉ ብረትና ድስት ዳገት የሚያወጣው፣ ከሻይ ማንኪያ የማይከብድ ይህ ነገር መሆኑን ማመን አቃተኝ።

ከጎተራ ወረድ ብሎ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ከአሮጌ ጄኔሬተር የወጣ ማራገቢያ አገኘን። ልክክ አለ። ያለ ለቅሶ ድንኳን ከመጋዘን ማውጣት ሟርት ስለሆነ፣ ለሙከራ ተጎታቹ ላይ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ጫንን። ዳገቱ ላይ ትራክተሯ ከበፊቱም ቀድማ ቆመች።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከፌስታል ቀጭን ቁራጭ ቀድጄ እንጨት ላይ አሰርኩና ወደ ማራገቢያው አስጠጋሁት። ቁራጩ ሽቅብ ተነሣ።

«አባዬ፣ ንፋሱ ካምቢዮው ላይ አይወርድም። ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ተገልብጦ ገብቷላ። ገልብጪው።»

ፈትቼ ገለበጥኩት፣ ማሰሪያ ዳዶውን አጥብቄ ሞተሩን አስነሣን። ፌስታሉ አሁንም ሽቅብ ተነሣ። ተያየን። አባቴ ራሱ ፈትቶ እንደገና ገለበጠው። ያው ነው።

«ምን ዓይነት ግትር ነገር ነው» አለ።

እግሬ ሥር አንድ ብሎን ወድቆ ነበር፤ አንስቼ ጥርሱን አየሁት። ጥርሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ገለበጥኩት፤ አሁንም ወደዚያው ጎን ያዘነብላል። ከዚያ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። መዳፌን ወደ ላይ አደረግሁት፣ ወደ ታች አደረግሁት። እንዴትም ባዞረው ቀኝ እጅ ነው፤ ግራ አይሆንም። ቺንጋው ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ማራገቢያው ደግሞ ቀኝነቱ ከቅርጹ ጋር አብሮት ተፈጥሯል፤ ቢገለብጡትም ንፋሱን ሽቅብ ነው የሚልከው። ዕድሜ ልኬን ሁለት እጅ ይዤ ስኖር ይህን ልብ አላልኩም ነበር።

ለአባቴ በብሎኑ አሳየሁት። እሱም ሁለት እጁን ዘርግቶ እያገላበጠ ቆየ።

«ስንት ዘመን ብሎን ሳጠብቅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድም ቀን አላየሁትም።»

«እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።»

ሻጩ ዘንድ ተመልሰን ግራውን እንደምንፈልግ ስንነግረው አባቴን ትክ ብሎ አየው። «ጋሼ፣ ለማራገቢያም ግራ ቀኝ ይባላል እንዴ? ሚዜ ነው?» እያለ ግን አሮጌ ማራገቢያዎች የሞሉበትን የማዳበሪያ ከረጢት መሬት ላይ ዘረገፈልን። ክንፎቹ ወደ ሌላው ጎን ያጋደሉ አንድ ተገኘ። ትንሽ ሰፋ ስላለ ጠርዙን በሞረድ አስተካከልነው። ስናስነሣው ፌስታሉ ቁልቁል ወርዶ ካምቢዮው ላይ ተለጠፈና እዚያው ይርገበገብ ጀመር። በማግስቱ ዳገቱን ልንሞክር ተስማማን።

ግን ጎህ ሲቀድ የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባ ተሰማ። ከዳገቱ በላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አርፈዋል። አባቴ ጫማውን እያሰረ «ለቅሶ መጠበቅ እንዴት ያለ ክፉ ነገር ነው» አለ።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሰብሳቢውና ሦስት ሰዎች ተጎታቹን ከኋላ ሊገፉ እጃቸውን አስደገፉ። አባቴ ዞር አለ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱልኝ። ከገፋችኋት አቅሟን አናውቅም።»

ሰብሳቢው ትንሽ ካመነቱ በኋላ እጃቸውን አነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። እኔ ከጎኗ እሄዳለሁ። ድስቶቹ ይንኳኳሉ፤ ከመቀመጫው ሥር ስስ የንፋስ ድምፅ ይሰማል። ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ላይ የፈሰሰ የዘይት ጠባሳ አለ። የፊት ጎማዋ ጠባሳውን አለፈ፣ የኋላውም አለፈ፣ ተጎታቹም አለፈ። ከላይ የለቅሶ ድምፅ እየተሰማ ስለነበር ደስታችንን ዋጥነው።

ቀባሪው ሲመለስ ሰዎቹ የተቀመጡት በድንኳኑ ጥላ ውስጥ ነበር። ሰብሳቢው ወደ ትራክተሯ መጥተው አጎነበሱና አባቴ ሞተሩን ሲያስነሣ ካምቢዮው አጠገብ መዳፋቸውን ዘረጉ። ንፋሱ መዳፋቸውን ነካው።

«ይቺው ማራገቢያ ናት?» አሉ።

«ይቺው ናት» አለ አባቴ፤ የበፊቱን የሰበረው የድንኳኑ ገመድ መሆኑንም ነገራቸው።

ለቅሶው አብቅቶ ዕቃው ሲጫን፣ ከብረቶቹ ተንጠልጥሎ የቀረውን ገመድ ሰብሳቢው ራሳቸው ሰበሰቡት። ደጋግመው ጠመጠሙት፣ ቋጠሩት፣ ከዚያም እንዳይፈታ ጎተት አድርገው ሞከሩት።