ከነብጉሬ ተዳርኩ

ባለፈው ሳምንት የግፊት መድኃኒቴን ልገዛ ከልጄ ጋር ሆጤ ሰፈር ካለ ፋርማሲ ገባሁ። ባለ ነጭ ጋዋኑ ወጣት «እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲለኝ እንባዬ መጣ። ወጣቱ ደነገጠ። መጀመሪያ እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ሰው ትዝ ብለውኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ለኒካሔ አንድ ወር ሲቀረኝ ፊቴን ብጉር፣ ጀርባዬን ቋቁቻ ወረረኝ። ጅዳ ያለው ወንድሜ በሰው እጅ የብጉር እንክብል ላከልኝ። ሐኪም ደግሞ ለቋቁቻው የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ። ሁለቱንም ውጬ ጨረቃ መስዬ ልዳር ነበር ሐሳቤ። ማዘዣዬን ይዤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሼ ታደሰ መድኃኒት ቤት ስሄድ የጅዳውንም በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬው ነበር፤ ለማሳየት።

ጋሼ ታደሰ ሳይጠይቁ መድኃኒት አይሰጡም።

«ሌላ የምትወስጂው አለ?»

በኩራት ቋጠሮዬን ፈታሁ። ከእንክብሉ ጋር ያለው ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ዓረብኛ ነው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ይሄን አላውቀውም» አሉ። እንዲህ የሚል የተማረ ሰው ያን ጊዜም ብርቅ ነበር። ሌላው ሰጥቶ ይሸኘኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እናቴን አስፈቅደው፣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ዓረብኛ አጥርተው የሚያነቡ ሸህ ዘንድ ኮምቦልቻ ይዘውኝ ወረዱ።

የታኅሣሥ ብርድ በየጠመዝማዛው እየለቀቀን ሄደ። ታች ስንደርስ ሸንኮራ ገዙልኝ። እኔ በልቤ «ምን ያንከራትቱኛል» እያልኩ መጠጥኩት።

ሸሁ ልዳር መሆኔን ከጋሼ ታደሰ ሰምተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ።

«ከቫይታሚን ኤ የተሠራ ነው ይላል። ጉበት ይነካል ይላል። ያረገዘች፣ ለማርገዝም ያሰበች ሴት እንዳትወስደው፤ ጽንሱን ያበላሻል ይላል።» ቀና ብለው አዩኝ። «ወላሂ፣ አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ አይደለሽ እንዴ?»

«አዎ» አልኳቸው።

«የቋቁቻው ክኒንም ጉበት ላይ ነው ሥራው» አሉ ጋሼ ታደሰ። «አብረሽ ብትውጪው የጅዳው ከሰውነትሽ ቶሎ አይወጣልሽም ብዬ እፈራለሁ። ለቋቁቻው የሚቀባ እሰጥሻለሁ። አንቺ ከነብጉርሽ ተዳሪ!»

አኮረፍኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ግን ቃላቸውን ሰማሁ።

ጋሼ ታደሰ ካረፉ ቆይተዋል። የዚያን ቀን ውለታቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በደንብ ሳላመሰግናቸው መቅረቴ ይቆጨኛል። በሠርጌ ፎቶግራፍ ላይ ብጉሮቼ አንድ በአንድ ይታያሉ። በተዳርኩ በዓመቱ ወለድኩ። ፋርማሲው ውስጥ «እማ፣ ምን ሆንሽብኝ?» ብላ ክንዴን የያዘችኝ እሷ ናት።