ጾም የማይገባው ጭልፊት

ለጉልበቴ ሕመም ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ይራመዱ፤ ዛፍና አዕዋፍ እያዩ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ መርካቶ መኖሬን ረስቶት ይሆናል። ዕድሜ ልኬን ጆንያ ስሰፋ የኖርኩ ሰውዬ፣ በኅዳር ብርድ ጋቢዬን ተከናንቤ ወፍ ፍለጋ ወጣሁ። ፈረንጅ ለዚሁ ሥራ በአውሮፕላን ይመጣል አሉ።

ወፉስ ሞልቷል፤ አልዋሽም። እህል በረንዳ ያሉት እርግቦች ከመወፈራቸው የተነሣ ጅምላ ነጋዴ ይመስላሉ። መኪና ሲመጣባቸው አይበሩም፤ ገለል ይላሉ እንጂ። ቁራው ደግሞ የአውቶቡስ ተራ ደላላ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይሰጡት አይሄድም።

እኔ የወደድኩት ግን አንድ ጭልፊት ነው። ከጭራው አንድ ላባ ጎድሎታል፤ በዚያ እለየዋለሁ። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ካለው ሥጋ ቤት በላይ ሲዞር ይውል ነበር። የገና ጾም ገባና ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ እሱም ጠፋ። ስፈልግ ሰንብቼ አንዋር መስጊድ ሰፈር፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ አገኘሁት። ጾሙን ለእኛ ትቶ ሰፈር ቀይሯል!

ተከተልኩት። በየጠዋቱ ሥጋ ቤቱ ፊት ቆሜ አንጋጥጣለሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ነገሬ ሲገባው ጅማት እየቆረጠ ወደ ላይ ይወረውርልኝ ጀመር።

ቅመም ልትገዛ የመጣች ጎረቤታችን፣ ዓይኗን ይጠብቅላትና፣ አየችኝ። ማንጋጠጤን ግን አላየችም። ቤት ስገባ ሚስቴ ጋቢዬን አሸተተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥጋ ቤት ምን ትሠራለህ? ያውም በጾም! ያውም የሙስሊም!»

«ወፍ ነው የማየው።»

«ወፍ!» አለች። አርባ ዓመት አብራኝ ስትኖር እንዲህ ያለ ውሸት ሰምታ አታውቅም። «ከገደፈ ሰው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለየብቻ በላን። ሽሮ ብቻዬን ስበላው እንደ መድኃኒት ነው የምውጠው።

በሦስተኛው ቀን ለምኜ ይዣት ሄድኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣

«ጋሼ! እንደ ሁልጊዜው ልቁረጥልዎ?» አለ።

ሚስቴ አንዴ ገላመጠችኝና ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ጀመረች። ሰውየው ጅማቱን ወረወረ። ጭልፊቱ ከጣሪያው ተስፈንጥሮ አየር ላይ ቀለበና በራሷ ላይ ሽው ብሎ አለፈ፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። የጎደለችውን ላባ በጣቴ አሳየኋት።

ጣሪያው ላይ እስኪያርፍ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞራ፣

«እስቲ ድገምለት የኔ ልጅ» አለችው።

ያን ቀን ምሳ አንድ ላይ በላን። ጎረቤታችን ግን፣ «ሽማግሌው ሚስቱንም አስገደፋት» እያለች ነው አሉ። ሚስቴ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች።

«ነገ ቀደም ብለን እንውጣ» አለችኝ። «ደክማ መጥታ እንዳታጣን።»