የግድግዳው ሰዓትና የይማም መዝገብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቆራሌ በበራችን ሲያልፍ ቀና ብሎ ጣሪያችንን አየና ቆመ።

«እማማ፣ ያ ብረት ይሸጣል?» አለኝ።

ጣሪያው ላይ የቆመውን ረጅም ቱቦ ነው ያየው። ዝጓል፤ ጫፉም ትንሽ ጎብጧል።

«አይሸጥም» አልኩት።

«ለምን ያገለግላል ታዲያ?»

«ለምንም።»

ሳቀብኝና ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ አመቻችቶ ቁልቁል ወረደ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቴ ይማም ካረፈ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው፤ በዚህ ሦስት ወር ውስጥ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ለምዶብኛል። ያን ቀን ግን ቶሎ ገብቼ ወረቀት ፈለግሁ። የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጽፌ አድራለሁ።

ቱቦውን ከኮምቦልቻ ያመጣነው አብረን ነበር። ሰማንያዎቹ እያለቁ ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ይማም ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፣ እኔ ደሴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። የምንኖረው ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ዛሬም ባለሁበት ከአባቴ በወረስኩት ሁለት ክፍል ቤት ነው። ቱቦውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ በገመድ አስረን ሽቅብ ስንመጣ በየመጠምዘዣው ጫፉ ወደ ገደሉ ይወጣል። ሾፌሩ «ይሄን ጦር ይዛችሁ ማንን ልትወጉ ነው?» እያለ መንገዱን ሁሉ አሳቀን። ይማም ብርቱካን እየላጠ ለተሳፋሪው ያድላል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ደሴ ሲቃረብ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ያን ቀን የተላጠው ብርቱካን ሽታ ዛሬም ይመጣብኛል፤ የይማም ድምፅ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመጣልኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ቱቦው አንቴና መስቀያ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሊተክል የመጣ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን የሬዲዮ መገናኛ ለይማም ተወለት። ዜና የምንሰማበት ዓይነት ሬዲዮ አይደለም፤ የሚሰማም የሚናገርም ነው። በዓለም ላይ ይህን ለፍቅሩ ብቻ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ቤታቸው ተቀምጠው አንዱ ሌላውን በአየር ላይ ይጠራል፣ ስምና አገር ይለዋወጣሉ፣ ይመዘግባሉ፣ በቃ። ይማም ይህን ሲያስረዳኝ «ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያማ ሌላ ሰው ትጠሪያለሽ» አለኝ።

ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ደብዳቤ ተመላለሰ። በመጨረሻ ተሰጠው፤ የተሰጠው ግን ለሙከራ ነበር። መናገር የሚቻለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ንግግር እያንዳንዱ ገጹ ማኅተም ባለበት መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ መዝገቡ በየወሩ ኮምቦልቻ ላለው የፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ይቀርባል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ስርዝ ድልዝ ያለበት መዝገብ ተቀባይነት እንደሌለው ተጽፏል። ይማም ያን መዝገብ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ቁርኣን ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ዝቅ ብሎ ባለው ላይ ያኖረው ነበር።

ኅዳር ላይ ውድድር እንዳለ ነገረኝ። ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት የዓለም ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይጠራራል፤ ብዙ ሰው ያገኘ ያሸንፋል። እኛ ሌሊቱን መዝጋት ስላለብን አናሸንፍም። ይሁንና ከኢትዮጵያ የሚሰማ ድምፅ ብርቅ ስለነበር ይማም ከገመተው በላይ ተፈለግን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚጻፈው ሰዓት የዓለም ሰዓት ነው። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስንል በዚያ አቆጣጠር አራት ነው፤ ስለዚህ ይማም የቤታችንን የግድግዳ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደፊት አስኬደውና ከፊት ለፊቴ ሰቀለው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠራ። ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ የደሴ ሰኞ ገበያ እንዳለ እኛ ቤት ገባ! አንዱ ባንዱ ላይ ይጮኻል፤ ይማም ዓይኑን ጨፍኖ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ አንድ ድምፅ ነቅሶ ያወጣል፣ ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። ያን ያህል ተደስቶ አይቼው አላውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ።

አመሻሹ ላይ እናቱ እማማ ዘይነብ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ መጡ። ሰኞ ለጥርሳቸው ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። በሶና ማር ይዘው ነው የመጡት። ልጃቸው ሳጥን ላይ ሲጮህ ትንሽ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ከማን ጋር ነው የሚጣላው?»

«አይጣላም እማማ፤ ሰላም እያለ ነው።»

«ሰላም እንዲህ ይባላል? አሁንስ ጉሮሮው ደም ይተፋል» አሉና አብሽ መትተው ማር ጨምረው አመጡለት። ድምፁ የቆየው በዚያ አብሽ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ዘግተን ተኛን። ከመተኛታችን በፊት ይማም አንድ ነገር አዘዘኝ። «ሶፊያ፣ ይሄ ሰዓት ባትሪው አሮጌ ነው። ጠዋት ከመጀመራችን በፊት ከሬዲዮው የሰዓት ምልክት ጋር አስተያዪው።»

እሺ አልኩ።

እማማ ዘይነብ ለሱብሂ ሲነሱ የመስጊዱ አዛን ገና ማለቁ ነው። ግድግዳውን ቢያዩ ሰዓቱ ሁለት ከሩብ ይላል። ሰዓት ማንበብ ያስተማራቸው ይማም ነው፤ ልጅ እያለ ደጃቸው መሬት ላይ አሥራ ሁለት ጠጠር ደርድሮ፣ አንድ ረጅም አንድ አጭር እንጨት እያዞረ። በሰፈራቸው በዚህ ይኮሩ ነበር። እኛን መቀስቀስ አልፈለጉም። በርጩማ ላይ ወጥተው ሰዓቱን አወረዱና አሥራ አንድ ከሩብ ላይ አድርገው መልሰው ሰቀሉት፤ ከዚያ ሰገዱ።

ጠዋት ውርጭ ነበር። ጦሳ ጭጋግ ለብሷል። ሻይ አፍልቼ ስገባ ይማም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጓል። የግድግዳው ሰዓት አንድ ይላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነውና ዓይኔ ምንም አልጎረበጠውም፤ ዕድሜ ልኬን በዚያ ሰዓት ሰዓት አንድ ሲል ነው ያየሁት። አራት ማለት እንደነበረበት ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

«አስተያየሽው?» አለኝ፣ አንዱን ጆሮ ገለጥ አድርጎ።

«አዎ» አልኩት።

አላስተያየሁም። ሻዩ እጄን እያቃጠለኝ ነበር፣ ሰዎቹም መጥራት ጀምረው ነበር። ለዚያች ቃል ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላቋረጥንም። እማማ በሶውን በጥብጠው እየገቡ እየወጡ ያጠጡናል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ይማም ማዳመጫውን አወለቀ። ድምፁ ተዘግቶ በሹክሹክታ «ጨረስን» አለና መዝገቡን ወደራሱ ሳበ። ገጾቹን እየሳቀ ገለጠ። አንዱ ላይ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ መልሶ መዝገቡን አየ።

እማማ ዘይነብ ከበሩ ላይ ሆነው «ሰዓታችሁ እኮ አብዶ ነበር! ሦስት ሰዓት ቀድሞ! ለሱብሂ ስነሳ አስተካከልኩላችሁ። ልጄ ያስተማረኝን ረሳች ብላችሁ ነው?» አሉ።

ይማም ጣቱን ከገጹ ላይ አነሳ። ከዚያ «ጎሽ እማ» አላቸው በዚያች በተዘጋች ድምፁ። «አላህ ይስጥሽ።»

ሰኞ ማታ ሁለታችን መዝገቡን ከፊታችን ዘርግተን ተቀመጥን። እሁድ የጻፍኩት ሰዓት ሁሉ ሦስት ሰዓት ይጎድለዋል። እንዳለ ብንተወው፣ መዝገቡ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ አየር ላይ ነበሩ ይላል፤ ያ ፈቃድ የሚያስነጥቅ ጥፋት ነው። ብናርመው ስርዝ ድልዝ ይሆናል፤ ያም አይቀበሉትም። ይማም እየተነሳ እየተቀመጠ ቆየና «እውነቱን ማረሙ ይሻላል» አለ። በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዱን ሰዓት በአንድ መስመር ሰርዞ ትክክለኛውን ከላዩ ጻፈ፣ ከጎኑም ፈረመ። አሥራ ዘጠኝ ገጽ። እኔ መብራቱን አይቼ፣ እጁን አይቼ፣ አፌን ብዙ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ።

ማክሰኞ አስፈቅጄ አብሬው ኮምቦልቻ ወረድኩ። የቅርንጫፉ ኃላፊ ጎልማሳ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ከሙቀቱ የተነሳ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ወረቀቶቹን በድንጋይ ተጭኗቸዋል። መዝገቡን ገለጠና ቅንድቡን አነሳ።

«አቶ ይማም፣ መዝገቡን ቀይ ጥለት አወጡበት እኮ።»

ይማም የሆነውን አንድ በአንድ ነገረው። ሰውየው ከልቡ ሳቀ። «ሱብሂ ሊሰግዱ ተነስተው? ወላሂ፣ የእኔም እናት ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።» ከዚያ ሳቁን ዋጠ። «ግን እኔ ይሄን ወደ በላይ ብልከው ይመልሱብኛል። አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ያጠፋው ሰው ፈርሞ ይመን። ሰዓቱን የነኩት እናትዎ ከሆኑ፣ ቀበሌ ቀርበው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በጣታቸው ይፈርሙ። አለዚያም የጻፈው ሰው ሰዓቱን ሳላረጋግጥ ጻፍኩ ብሎ ይፈርም፤ አያይዤ እልከዋለሁ። የጻፈው ማነው?»

«ባለቤቴ ናት» አለ ይማም። «እሷ ግን ጠዋት ከሬዲዮው ጋር አስተያይታዋለች። እናቴ ሰዓቱን የነካችው ከዚያ በኋላ መሆን አለበት፤ የሱብሂውን ነገር አምታትታው ይሆናል።»

እናቱ ከበሩ ላይ የተናገሩትን በጆሮው ሰምቷል። እንዲያም ሆኖ እናቱ ተሳሳቱ ብሎ ማሰብ ቀለለው፤ እኔ ዋሸሁ ብሎ ማሰብ ግን ጭራሽ አልመጣለትም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «አረጋግጠዋል፣ የኔ እመቤት?»

በመስኮቱ ሞቃት ንፋስ ይገባል። አንድ ወረቀት ከድንጋዩ ሥር ጫፉን እያወዛወዘ ነው፤ ዓይኔን እሱ ላይ ተከልኩ። ይማም አጠገቤ ቆሟል። ባሌ ፊት፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ዋሽቻለሁ ማለት ነበረብኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲያው እናትዎ ይፈርሙ።»

ይማም መዝገቡን ቀስ ብሎ ዘጋው። «እናቴን አላስፈርምም» አለ። «ጠጠር ደርድሬ ያስተማርኳትን፣ በዚያው አጠፋሽ ብዬ ቀበሌ አላቆማትም።»

«እኔ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም፣ ወንድሜ።»

«አውቃለሁ። አላህ ይስጥልኝ።»

ሽቅብ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይማም መዝገቡን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀረቀረ። ብርቱካን ሻጮች በመስኮት ዘንቢል ሲያቀብሉ እንኳ ቀና አላለም። ሐሙስ ሁለት ሰዎች መጥተው ሬዲዮውን በገመድና በቀይ ሰም አሸጉት። ለጊዜው ነው አሉን። ሊፈታው የመጣ ሰው ግን የለም፤ ሰሙም እስከ ዛሬ አልተነካም።

እማማ ዘይነብ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲመጡ «ጩኸቱ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁ።

«ሬዲዮው ታሟል እማ» አላቸው ይማም።

«ታዲያ እኛ ዘንድ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት አታመጡትም?» አሉና ቤቱን በሳቅ ሞሉት። እሱም ሳቀ። እስኪሞቱ ድረስ ምን እንደሆነ አላወቁም፤ በየሶላታቸው ግን ለሬዲዮው ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ይማም ግን አልተወውም። በእጁ አንዲት ትንሽ መቀበያ ሠራ፤ መስማት ትችላለች፣ መናገር አትችልም። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አጠገቧ ይቀመጣል። ሰዎቹ ይጠራሉ። እሱ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ አያወጣም። እኔ ጓዳ ገብቼ የታጠበ ሰሃን ደግሜ አጥባለሁ።

ሲታመም ልነግረው ቆርጬ ነበር። አንድ ቀን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ «ያን እሁድ ታስታውሳለህ?» አልኩት። እጄን ያዘና «አብሽሪ፣ እማን አንስተሽ አታስለቅሺኝ» አለኝ። ስለ እናቱ ላወራ መስሎት ነው። ተውኩት። ነገ እላለሁ ብዬ ተውኩት፤ ነገው ግን ከአስታማሚ፣ ከጠያቂ፣ ከመድኃኒት ሰዓት ተርፎ አልመጣም።

ለጎረቤት ስንናገር ሁልጊዜ «ምን ይደረጋል፣ የመሥሪያ ቤት ነገር» እንል ነበር። እሱ አምኖበት ነው የሚለው። ኃላፊው አቅም አልነበረውም፣ ይማምም አልነበረውም፣ እማማ ዘይነብ ጭራሽ አያውቁም። ያ ክፍል ውስጥ አቅም የነበራት ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ወረቀት ታይ ነበር።

ዛሬ መዝገቡን ከጨርቁ አውጥቼ የመጨረሻውን የተጻፈበት ገጽ ገለጥኩ። ከይማም ቀይ ፊርማዎች በታች ጥቂት ባዶ መስመር አለ። የሚቀበለው ጠረጴዛ እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም በእስክሪብቶ፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ጻፍኩት፦

«ሰዓቱን ሳላረጋግጥ ጻፍኩ። ስጠየቅ አረጋግጫለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ጥፋቱ የእናቱ አይደለም።»

ስሜን ጻፍኩና ፈረምኩ።