ሳይተክሉ የማያስቆርጡት አጎቴ

ኮንጋ ላይ የቀበርናቸው አጎቴ ዛፍ ሊቆርጥ የመጣውን ሁሉ፣ «መጀመሪያ ትከል። ችግኙ አድጎ ጉልበትህ ጋ ሲደርስ መጥረቢያህን ይዘህ ትመጣለህ» ይሉት ነበር። ለገዛ ልጃቸውም አላዘኑም፤ ለቤቱ በር የሚሆን እንጨት ሁለት ክረምት አስጠብቀውታል።

ይኸው ልጅ የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ለቡናው ጥላ የሆኑትን ዋንዛዎች በሙሉ ለጣውላ አስቆረጣቸው። አጎቴ ከሥራ ሲመለሱ ያርፉበት የነበረውን ጥላ ዛሬ ብፈልገው የለም፤ ፀሐይ ብቻ ነው ያለው። ቡናውም ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። አልደብቅም፣ ሳየው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ልጅ ያፈላሁትን የዋንዛ ችግኝ ሊለምነኝ መጣ።

«ወንድሜ፣ ቡናዬ አለቀብኝ እኮ!»

«ፀሐይዋን ወደሃት አይደል? በደንብ ሙቃት!» አልኩት።

ባዶ እጁን ተመለሰ። ከዲላ ለእረፍት የመጣችው ልጄ ደጃፍ ቆማ ሰምታን ነበር።

«አባዬ፣ እሳቸው ቢሆኑ ይከለክሉት ነበር?»

«አይከለክሉትም። ችግኙን ራሳቸው ተሸክመው ሄደው ይተክሉለት ነበር» አልኳት። ልጆቼን እውነት ተናገሩ እያልኩ አሳድጌ እንዴት ልዋሻት?

ችግኞቹ ግን እስከ ዛሬ ከመደባቸው አልወጡም። ውሃ የማጠጣቸውም እሱ በመንገዱ ሲያልፍ ጠብቄ ነው።