በጢስ ያረጁ መጻሕፍት

የእርጥብ ቆዳና የጢስ ሽታ አንድ ላይ ባፍንጫዬ ሲገባ ዛሬም ደብረ ኤልያስ ያለው ቤታችን ድቅን ይልብኛል። አባባ ብራና ጸሐፊ ነበር፤ ጥቅምት ገብቶ ፀሐይ ስትበረታ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ፣ በመቃ ብዕሩ ዳዊት ይጽፍ ነበር። አንዱን ሳይጨርስ ዓመት ይዞር ነበር፤ አንዲት ፊደል ከጠመመችበት ፍቆ እንደገና ይጽፋታል፣ እኛም ያን ቀን ኮሽ አንልም ነበር።

እየቆየ የማተሚያ ቤት ዳዊት በየደጁ ሲረክስ የሚያጽፈው ሰው ጠፋ። በሚቀጥለው መስከረም ደግሞ እኔና ወንድሜ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይተን ሁለተኛ ደረጃ መማር ነበረብን። ኅዳር ላይ ለቱሪስት ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ከማርቆስ መጣና ቅጠሉ አነስ፣ ፊደሉ ጎላ፣ ሥዕሉ በዛ ብሎ፣ ጥንታዊ እንዲመስል በጢስ የጠቆረ መጽሐፍ አዘዘ። አባባ ምን ልጻፍበት ቢለው፣ «መሪጌታ፣ ፈረንጅ አያነበውም፤ የመጣልዎትን ይጫሩበት» አለው።

አባባ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ግን ብዕሩን ቀረጸ።

በጋውን ሙሉ ከምድጃው በላይ ብራና እያንጠለጠለ ሲያጨስ ከረመ፣ እኔም ከጓደኞቼ ፊት እሸማቀቅ ነበር። አንድ ቀን አባባ አታላይ ሆነ ብዬ ለእማዬ ብነግራት በጥፊ ልትለኝ ምንም አልቀራት።

ግንቦት ላይ፣ ነጋዴው ያለቁትን መጻሕፍት ሊወስድ ሲል፣ አንዱን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። መዝሙር አልነበረም። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው፣ በዚያው በለመደው ውብ የእጅ ጽሑፉ፣ ጌታ ሆይ ወለተ ማርያምን ጠብቃት፣ ኃይለ ኢየሱስን ጠብቀው ይላል በግእዝ። የእኔና የወንድሜ የክርስትና ስም ነው፤ ስማችን ብቻ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሌሎቹንም ገለጥኩ፣ ሁሉም እንደዚያው ነው።

ቀና ስል አባባ በሩ ላይ ቆሟል።

«ፈረንጅ ባያነበው የሚያነብ አለ» አለኝ። ወደ ምድጃው እያየ፣ «ጢሱን ይቅር ይበለኝ» አለ።

በእነዚያ መጻሕፍት ዋጋ ተምሬ ይኸው አስተማሪ ሆኛለሁ፣ አባባም ካረፈ ቆይቷል። ያኔ የሥራው ሽታ ልብሴ ላይ እንዳይቀር አጥብቄ አጥብ ነበር። ዛሬ ግን በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም በማያነበው ብራና ውስጥ አባቴ አሁንም እየጸለየልኝ እንደሆነ አስባለሁ፣ ደስም ይለኛል።